የመጀመሪያ ቀን በሊበርቲ ተራራ፦ ለመላው ቤተሰብ

ዲሲ፣ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ የምትኖሩ ወላጆች ከሆናችሁ፣ ስኪ የሚባለው ነገር በዚህ ወቅት የቤታችሁን በር ሳያንኳኳ አይቀርም። ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የክፍል ጓደኛው ቅዳሜና እሁድን የት እንዳሳለፈ እያጋነነ ያወራችኋል። ወይም ከቦርሳው ውስጥ የወላጅ ፊርማ የሚጠይቅ የስኪ ክበብ ወረቀት ያወጣል። በብዙ የሐበሻ ቤት መልሱ ከሁለቱ አንዱ ነው። አንደኛው "እግርህን ልትሰብር ነው?" የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ "እሺ፣ ከጓደኛህ ቤተሰብ ጋር ሂድ" ነው።

ሁለተኛው መልስ ደግ ይመስላል፤ ክፋትም የለበትም። ግን ልጁ በረዶ ላይ የሚያድገው ከሌላ ቤተሰብ ጋር ነው ማለት ነው። ሁለትና ሦስት ክረምት ካለፈ በኋላ እሱ ተራራው አናት ላይ ይሆናል፣ እናንተ ደግሞ ታች ቡና ይዛችሁ ስልካችሁን ትነካካላችሁ። ያን ጊዜ አብራችሁ ልጀምር ብትሉ እንኳ ልጁ ቆሞ የሚጠብቅበት ትዕግሥት አይኖረውም። አብሮ ጀማሪ መሆን የሚቻለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ከታች ያለው ምክር ሁሉ የተጻፈው እናትም አባትም ቡቱን አጥልቀው በረዶው ላይ እንደሚወጡ ታስቦ ነው።

ለምሳሌ የመረጥነው ከዲሲ አካባቢ ቅርብ ከሆኑት አንዱን፣ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ የሚገኘውን ሊበርቲን ነው። 270ን ይዛችሁ ወደ ፍሬድሪክ፣ ከዚያም በ15 ወደ ሰሜን ትነዳላችሁ። በግራ በኩል የሚታያችሁ የካቶክቲን ተራራ ነው፤ የፕሬዚዳንቶቹ ማረፊያ ካምፕ ዴቪድ ያለው እዚያ ጫካ ውስጥ ነው። ኤሚትስበርግ ስትደርሱ ወደ ምዕራብ ታጥፋችሁ የግዛቱን ድንበር እንዳለፋችሁ ካሮል ቫሊ የምትባለው ትንሽ ከተማ ናት። መንገዱ ደህና ከሆነ በጠቅላላው ከአንድ ሰዓት ተኩል ብዙም አይርቅም። የ1863ቱ ትልቅ ጦርነት የተካሄደባት ጌቲስበርግም እዚያው ጎረቤት ስለሆነች፣ ስኪውን እምቢ የሚል የታሪክ ወዳጅ ቤት ውስጥ ካለ ቀኑን የሚያሳልፍበት አያጣም።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሊበርቲን ሲያይ መሳቁ አይቀርም። የተራራው አናት ከባሕር ጠለል በላይ 360 ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከተማዋ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ተቀምጣለች፤ እንጦጦን ሳንቆጥር ማለት ነው። "ይሄ ነው ተራራ?" ማለት ያምራችኋል። ከአናቱ እስከ ግርጌው ያለው ቁልቁለት 620 ጫማ፣ ማለትም 190 ሜትር ያህል ነው። በእግር ሲወርዱት ምንም አይደለም። ሁለት የሚያንሸራትት ጣውላ እግር ላይ ታስሮ ሲታይ ግን ሌላ ነገር ነው። ለጀማሪ ደግሞ ትንሽነቱ ጥቅም አለው፦ ልጆች ብዙም አይጠፉም። ኮሎራዶ ለመሄድ የአውሮፕላን ቲኬት ከመግዛታችሁ በፊት ቤተሰቡ ይህን ነገር ይወደው እንደሆነ የምታውቁት እዚህ ነው።

አሁን ስለ በረዶው። በቋንቋችን "በረዶ" የምንለው ብዙ ነገር ነው። ቆርቆሮ ላይ የሚንጫጫውም፣ ብርጭቆ ውስጥ የሚንሳፈፈውም፣ ከሰማይ እንደ ጥጥ የሚወርደውም ያው በረዶ ነው። ስኪ ላይ ግን ልዩነቱን በመቀመጫችሁ ትማሩታላችሁ። በዚህ አካባቢ ተፈጥሯዊው በረዶ ስለማይታመን ስኪ ቦታዎቹ ራሳቸው ያመርታሉ፦ ውሃና የታመቀ አየር በመድፍ መሰል ማሽን ወደ ሰማይ ይረጫል፣ ጠብታው መሬት ሳይደርስ ይረጋል። ይህ በደንብ እንዲሠራ ቅዝቃዜው ወደ 28 ዲግሪ ፋራናይት ወይም ከዚያ በታች መውረድ አለበት፤ አየሩ ደረቅ ሲሆን ደግሞ ይቀላል። ስለዚህ ደጃችሁ ላይ ሣሩ አረንጓዴ ሆኖ ብታዩት ተራራው ተዘግቷል ማለት አይደለም። በሌላ በኩል የተመረተው በረዶ ቀን ላይ ይሟሽሽና ሌሊት ተመልሶ ይደርቃል። በማለዳ ጠንካራ፣ እኩለ ቀን አካባቢ ለስለስ ያለ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ እንደ መስታወት የሚያንሸራትት ሊሆን ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጣ ሰው ከረፋዱ እስከ ከሰዓት ያለው ጊዜ ይሻላል። የማታ ስኪ መብራቱ ያምራል፣ ሰዉም ይቀንሳል፤ ለሁለተኛ ቀን አቆዩት።

ቀን ስትመርጡ ሁለት ረጅም ቅዳሜና እሁዶችን ሽሹ፦ የጥሩን የማርቲን ሉተር ኪንግን እና የየካቲቱን የፕሬዚዳንቶች ቀን። በእነዚህ ቀናት ተራራው ገበያ ነው፤ ለቡት ኪራይ መሰለፍ ብቻውን ልጆቹን ያደክማል። ቅዳሜ ረፋድም በተለመደው ሳምንት ቢሆን ያው ነው። ከሁሉ የሚሻለው መምህራን ሥራ ላይ ሆነው ተማሪዎች ቤት የሚውሉበት ቀን ነው፤ የትምህርት ቤቱ ካሌንደር ላይ ፈልጉትና ከሥራ ፈቃድ ውሰዱ። እሱ ካልሆነ እሁድ ሞክሩ፤ ከሰዓት በኋላ ብዙው ሰው ወደ ቤቱ መመለስ ይጀምራል። ብቻ ትምህርቱ የሚጀመርበትን ሰዓት አስቀድማችሁ እዩ፣ ቀኑን ሙሉ አይሰጥም።

ገንዘቡ

እውነቱን እንነጋገር፤ ስኪ ርካሽ አይደለም። አራት ሰው ይዞ ሳይዘጋጁ በር ላይ የደረሰ ቤተሰብ የሚከፍለውን ሲሰማ መኪናውን አዙሮ መመለስ ያምረዋል። ቁልፉ በር ላይ አለመግዛት ነው። ቲኬቱን በኢንተርኔት ቀናት ቀደም ብሎ መግዛት በአብዛኛው ዋጋውን ይቀንሳል። ከዚያም በላይ፣ "ለጀማሪ" የሚባለውን ጥቅል ፈልጉ። ብዙ ስኪ ቦታዎች ለጀማሪዎች ብቻ የተከለለውን ቦታ፣ ኪራዩንና ትምህርቱን አንድ ላይ አድርገው ይሸጣሉ፤ ለየብቻ ከመግዛት ይቀላል። ሙሉ የተራራ ቲኬት ለመጀመሪያ ቀን አትግዙ። አናቱ ላይ አትደርሱም፤ ብትደርሱም መውረዱ ነው ችግሩ።

ልብስም አትግዙ። በዚህ ላይ ጠንከር ብለን እንናገራለን፤ ለአንድ ቀን ብለው አራት ሙሉ የስኪ ልብስ የገዙ ሰዎች ጓዳ ውስጥ አሁንም መለያው ሳይነሳ ተሰቅሏል። ውሃ የማያስገባ ሱሪ ከዘመድ ተበደሩ፣ ወይም ያገለገለ ልብስ ከሚሸጥበት ሱቅ ፈልጉ፤ የልጆች የበረዶ ሱሪ በአንድ ዓመት ስለሚያጥር ሁሌም እዚያ አይጠፋም። የራሳችሁ መሆን ያለበት ጓንትና ካልሲ ብቻ ነው። ጓንቱ ውሃ የማያስገባ ይሁን፤ የሱፍ ጓንት አሥር ደቂቃ ሳይቆይ ይረጥብና ልጁ ማልቀስ ይጀምራል። ካልሲው አንድ፣ ስስ እና ረጅም፣ ከሱፍ ወይም ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ይሁን። "እግሯ እንዳይበርዳት" ብላችሁ ሁለት ሦስት ካልሲ አትደርቡላት። ቡቱ ውስጥ እግር ሲታፈን ደም መዘዋወር ያቅተዋል፣ የሚበርደውም ያኔ ነው።

ጥጥ የሆነ ነገር ሁሉ ቤት ይቅር፤ ጂንስም ቲሸርትም። ጥጥ ላብና በረዶ ይጠጣል፣ አይደርቅም። ከውስጥ ሰውነት ላይ የሚጣበቅ ስስ ልብስ፣ በላዩ የሚያሞቅ፣ ከሁሉ በላይ ነፋስና ውሃ የሚከላከል፤ ሲሞቅ አንዱን ማውለቅ ይቻላል። የአንገት ልብስ ግን ረጅም አይሁን። የተንዘረፈፈ ሻርፕ፣ የሚንጠለጠል የቦርሳ ማሰሪያና ነጠላ ለሊፍት አደገኛ ናቸው፣ ተይዘው ሊጎትቱ ይችላሉ።

ለእናቶችና ለሴት ልጆች አንድ ነገር፦ ሄልሜት ያለ ክርክር የሚደረግ ነገር ነው፣ ስለዚህ ፀጉር ከዋዜማው ይታሰብበት። ከአናት ላይ የተቋጠረ ፀጉር ሄልሜቱን ከፍ ያደርገዋል፤ ከፍ ያለ ሄልሜት ደግሞ ግንባርን አይከላከልም። ወደ ኋላ የተሠራ ሹሩባ ወይም ከማጅራት በታች የታሰረ ፀጉር ጥሩ ነው። የፀሐይ መከላከያ ቅባትም አትርሱ፤ "ጥቁር ነን፣ አይነካንም" የሚባለውን በረዶ አያውቅም። ነጸብራቁ ከታች ነው የሚመጣው።

እውነተኛውን ክብደት ጻፉ

የኪራይ ቅጽ ስትሞሉ ቁመት፣ ክብደት፣ ዕድሜና ችሎታ ትጠየቃላችሁ። ይህን ለማወቅ ጉጉት የተጠየቀ አድርጋችሁ አትዩት። ቡቱን ከስኪው ጋር የሚያይዘው ማሰሪያ ስትወድቁ መላቀቅ አለበት፤ መቼ እንደሚላቀቅ የሚስተካከለው በእነዚህ ቁጥሮች ነው። ሃያ ፓውንድ ቀንሶ መጻፍ ማሰሪያው ያለ ምክንያት እንዲላቀቅ ሊያደርግ ይችላል፤ "ትንሽ እችላለሁ" ብሎ ችሎታን ማጋነን ደግሞ መላቀቅ ሲገባው ጉልበትን ይዞ እንዲቀር። "ጀማሪ" የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ። የምትፈርሙትንም የኃላፊነት ውል አንብቡ፤ በፔንሲልቬኒያ ሕግ የቁልቁለት ስኪ የተለመዱት አደጋዎች የተንሸራታቹ ኃላፊነት ናቸው።

ቡቱ መጀመሪያ ላይ እግር ከወርች የታሰረ ያስመስላል። ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ ጣቶቻችሁ ፊቱን ሊነኩ ይገባል፣ ጉልበታችሁን ወደፊት ስታጥፉ ደግሞ ትንሽ ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ተረከዛችሁ የሚነሳ ከሆነ ሰፍቷል፣ ቀይሩ። ልጆች ይህን በራሳቸው አይናገሩም፤ እጃችሁን አስገብታችሁ አረጋግጡ፣ የሱሪው ጫፍም ቡቱ ውስጥ እንዳይገባ ተመልከቱ።

ማን ያስተምር?

ባል ሚስቱን መኪና ሲያስተምር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ስኪም እንዲሁ ነው፣ ቁልቁለትና ብርድ ተጨምሮበት። ዘመድ ወይም ጓደኛ "እኔ አሳያችኋለሁ" ቢላችሁ አመስግናችሁ ለምሳ ቅጠሩት። አስተማሪው የተራራው ሠራተኛ ይሁን። ምክንያቱ ችሎታ ብቻ አይደለም። የሚችል ሰው የሚረሳው ነገር ጀማሪ ምን እንደሚፈራ ነው፤ ስለዚህ ቶሎ ብሎ ወደ ላይ ይወስዳችኋል። አስተማሪ ግን የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ጠፍጣፋ ቦታ ላይ በአንድ ስኪ ብቻ ሲያስሄዳችሁ አይሰለችም።

ልጆቹ በዕድሜያቸው ለብቻ ይመደባሉ፤ በብዙ ቦታ የቡድን ትምህርት የሚጀምረው ከ4 ዓመት ገደማ ነው። እዚህ ላይ ነው ወላጅ ልጁን አስረክቦ ወደ ካፌ የሚገባው። አትግቡ። በዚያው ሰዓት እናንተም በአዋቂዎች ቡድን ተመዝገቡ። ስትገናኙ ሁላችሁም የምታውቁት ነገር አንድ ይሆናል፦ ስኪው ወደ ፊት ጠበብ ወደ ኋላ ሰፋ ሲል እንደ ፒዛ ቁራጭ ይሆንና ያቆማል፣ ጎን ለጎን ቀጥ ሲል ደግሞ ይሮጣል። ልጆቹ "ፒዛ፣ ፒዛ!" እያሉ እየጮሁ ሊያርሟችሁ ነው። ይህን ደስታ አትንፈጓቸው። እንግሊዝኛውን፣ ስልኩን፣ የትምህርት ቤቱን ድረ ገጽ እነሱ ቀድመውን የሚያውቁበት ሀገር ውስጥ ነው ያለነው፤ ሁላችንም እኩል የማናውቀው ነገር ብርቅ ነው።

መውደቁንም ተማሩ። ልትወድቁ እንደሆነ ከታወቃችሁ ወደ ጎን ቁጭ ማለት ይሻላል፣ እጅ ወደ ኋላ አይዘርጋ። ስትነሱ ስኪዎቹ ከእናንተ በታች ሆነው ቁልቁለቱን አግድም ይቁረጡት፤ ወደ ታች ካዩ ገና ሳትቆሙ ጉዞ ይጀመራል። ካቃታችሁ አንዱን ስኪ አውልቁ። በሁለት እጃችሁ የያዛችሁት ዘንግ ደግሞ መቋሚያ አይደለም፣ አትደገፉበት፤ ብዙ አስተማሪዎች ለመጀመሪያ ቀን ጨርሶ አይሰጡትም።

ስኪ ወይስ ስኖቦርድ? ጎረምሶች ሁለተኛውን ይመርጣሉ፣ መልኩ ደስ ስለሚል። ለአንድ ቀን ብቻ ከሆነ ስኪ ይሻላል ባይ ነን። እግር ለየብቻ ስለሆነ ቶሎ መቆም ይቻላል። ስኖቦርድ የመጀመሪያውን ቀን በመቀመጫና በእጅ አንጓ ያስከፍላል።

"ሐበሻና ስኪ ምን አገናኘው?" የሚል አጎት ቤት ውስጥ ካለ፣ ስለ ሮቤል ተክለማርያም ንገሩት። አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የመጣው ሮቤል በ2006 በቱሪን የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ የገባ የመጀመሪያው የክረምት ኦሎምፒክ ተወዳዳሪያችን ነው፤ በ2010 ቫንኩቨር ላይም ተመልሶ ተወዳድሯል። የእሱ ስኪ ሜዳና ዳገት የሚሮጥበት የ15 ኪሎ ሜትር ውድድር እንጂ የቁልቁለቱ አይደለም። ለአጎት ይህን ልዩነት ማስረዳት አይጠበቅባችሁም።

ከትምህርቱ በኋላ

የጀማሪው ሜዳ ላይ ወደ ላይ የሚወስዳችሁ መሬት ላይ የሚሄድ ምንጣፍ ነው። ቀጥ ብሎ መቆም ብቻ ነው፤ አትቀመጡበት፣ ከፊታችሁ ካለው ሰው ራቅ በሉ። እዚያ ላይ ሦስት አራት ጊዜ ሳትወድቁ መቆምና መዞር እስክትችሉ ድረስ ወደ ተንጠልጣዩ ወንበር አትቸኩሉ። ልጁ ቢነዘንዛችሁም።

ተንጠልጣዩ ወንበር ላይ የምትወጡ ከሆነ ለሠራተኛው "የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው" በሉት፣ ያቀዘቅዘዋል። ወንበሩ ከኋላ ሲመጣ ዞራችሁ እዩት፣ ቁጭ በሉ፣ መከላከያውን ብረት አውርዱ። ትንሹን ልጅ ከሠራተኛው በኩል አስቀምጡ። ስትወርዱ የስኪውን ጫፍ ከፍ አድርጋችሁ ቁሙና ራቁ፤ ከወረዱ በኋላ እዚያው ቆሞ ልብስ ማስተካከል የለም፣ ከኋላ የሚመጣው እላያችሁ ላይ ነው የሚወርደው።

መንገዶቹ በቀለም ተለይተዋል፦ አረንጓዴ ክብ ለቀላሉ፣ ሰማያዊ ካሬ ለመካከለኛው፣ ጥቁር አልማዝ ለከባዱ። ምልክቱ የሚለካው በዚያው ተራራ ውስጥ ካሉት ሌሎች መንገዶች ጋር ነው፣ ስለዚህ የሊበርቲን ሰማያዊ የቻለ ሰው ሌላ ቦታ ሄዶ በሰማያዊ አይመካ። ለልጆቹ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ሕግ አስጠኑ፦ ከፊት፣ ማለትም ከበታች ያለ ሰው ቅድሚያ አለው። የሚያየው ከኋላ የሚመጣው ነውና። የምትቆሙ ከሆነ ከላይ የሚመጣ ሰው በሚያያችሁ ቦታ፣ ዳር ይዛችሁ ቁሙ። አንድ ሰው ከተጎዳ አታንሱት፤ ሁለት ስኪ ከበላዩ በኩል አመሳቅላችሁ በረዶው ላይ ትከሉና የተራራውን የእርዳታ ቡድን ጥሩ።

ከሀገር ቤት የመጡ እናት ወይም አባት አብረዋችሁ ካሉ ቤት ትታችኋቸው አትሂዱ። ሊበርቲ ቱቢንግም አለው፦ በትልቅ ጎማ ላይ ቁጭ ብሎ ቁልቁል መውረድ፤ ችሎታ አይጠይቅም። ወገብ ወይም ጉልበት የሚያማቸው ከሆነ ግን ይቅርባቸው፣ ጎማው ይነጥራል። ቲኬቱ ከስኪው የተለየና በሰዓት የተወሰነ ስለሆነ አስቀድማችሁ ያዙ፣ ለትንንሽ ልጆች ያለውን የቁመት ገደብም እዩ። እማማ "ልጄ፣ እኔ አሁን ለዚህ እሆናለሁ?" ብለው ሦስት ጊዜ እምቢ ካሉ በኋላ አንዴ ከወረዱ እንደገና የሚሰለፉት እሳቸው ናቸው።

ምሳ ይዛችሁ ሂዱ። የተራራ ምግብ የትም ቢሆን ውድ ነው፣ ሰልፉም ረጅም ነው። ሎጁ ውስጥ ከቤት የመጣ ምግብ የት እንደሚበላ ጠይቁ፤ ካልሆነ መኪናው አለ። ቆሎ በኪስ ይገባል፣ አይረጥብም፣ ለጾመኛም ይሆናል። በሶ በማር ተጨብጦ ከወጣ በረዶ ላይ ከማንኛውም ቸኮሌት ይሻላል። ሻይ በቴርሞስ። እንጀራ ግን ቤት ይቅር፣ ጓንት እያወለቁ መብላቱ አይመችም።

ልጆች ደከመን ከማለታቸው አንድ ዙር ቀደም ብላችሁ አቁሙ። በቀላሉ ጉዳት የሚደርሰው "አንዴ ብቻ፣ የመጨረሻ" በተባለው ዙር፣ እግር ሲዝል ነው። መልስ የሚነዳው ማን እንደሆነም ጠዋት ተስማሙ፤ ጭኑ የሚንቀጠቀጥ ሰው ፍሬን ላይ ባይቀመጥ ይመረጣል፣ ማታ 15 ላይ ቀን የቀለጠው ውሃ ተመልሶ ሊረጋና በዓይን ላይታይ ይችላል። ልጆቹ ፍሬድሪክ ሳትደርሱ ተኝተዋል።

ዕቃውን ከመመለሳችሁ በፊት ግን የእያንዳንዳችሁን የቡት ቁጥርና የስኪ ርዝመት በስልክ ፎቶ አንሱ። በሚቀጥለው ጊዜ ያ ሰልፍ በግማሽ ያጥራል።